ደጅ የጠናው ዘነዘና

የካቲት 27

እናቴ ዛሬም ከደብረ ታቦር ደወለች። «ኤደንዬ፣ ሃያ ሰባት ሞላሽ እኮ» አለችኝ፣ እኔ ዕድሜዬን የማላውቅ ይመስል። «አይሰማም እማዬ፣ አይሰማም» አልኳት። ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

ሌላው ያናደደኝ የሰባተኛ ክፍሎቹ ጉዳይ ነው። «ከራሳችሁ ፈጥራችሁ ታሪክ ጻፉ» ብላቸው ክፍሉ በሙሉ «ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ጅብ ነበር» ብሎ ጀመረ። ቅዳሜና እሑዴን ጅብ ሳርም አሳለፍኩ። ከሁሉም አንዱ ጅብ ብቻ ስም ነበረው፣ መሐሪ ይባላል። ለእሱ ሁለት ማርክ ጨመርኩለት።

እና አሰብኩ። ጅብ የሌለበት፣ ሰው የሌለበት፣ ቃልም የሌለበት ታሪክ ላሳያቸው። የቤት ዕቃ እንደ ሰው አቁሜ፣ አስቀምጬ፣ አጣልቼ፣ አስታርቄ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። በየገበያ ቀኑ አንድ ፎቶ ይለጠፋል፤ ልጆቹ አይተው ታሪኩን ይጽፋሉ።

የሚለጠፈው ምንተስኖት ፎቶ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ወደ ገበያ የሚወርድ ሰው ሁሉ በዚያ ነው የሚያልፈው። ምንተስኖት የእስቴ ልጅ ነው፤ እዚህ ወገዳ የመጣው ከእኔ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። የመታወቂያ ፎቶ ሲያነሳ ሰውን ሁሉ ዋስ ያጣ እስረኛ ያስመስለዋል። «በትልቁ አትምልሻለሁ፣ አትከፍዪኝም» አለኝ። ለምን? አልኩት። «ግድግዳው ባዶ ነው» አለኝ። እንዲህ ያለ መልስ ያናድደኛል።

መጋቢት 1

ሙቀጫ አገኘሁ!

የአከራዬ የእትዬ አልጣሽ ሙቀጫ ተሰንጥቆ የዶሮ ውሃ መጠጫ ሆኗል። ስለዚህ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ አቶ አስማማው ግቢ ገባሁ። እህታቸው ፀሐይነሽ ደጅ ተቀምጣ ባቄላ ትለቅማለች። ሙቀጫ ታውሺኛለሽ? ስላት ባቄላዋን ገፋ አድርጋ «ውሰጂው፣ ቦታ ብቻ ነው የያዘብኝ» አለችኝ። ዘነዘናውስ? «እሱ እኔ ዘንድ የለም።» ሰው ሙቀጫ ያለ ዘነዘና ለምን ይይዛል ብዬ አልጠየቅኩም። ችኩል ነኛ።

ዘነዘናውን ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ጋሽ ፈንታ ቤት አገኘሁት። እሳቸውም «ውሰጂው ልጄ፣ ብቻውን ምን ይሠራልኛል» አሉኝ። ሁለቱን ሳገጣጥማቸው ልክክ አሉ። ሁለቱም ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ ሁለት ጭረት አለ። የጠራቢው ጌጥ መሆን አለበት፣ ያምራል።

ወንፊት ከእትዬ አልጣሽ ወስጃለሁ። ተኝተው ስለነበር አልነገርኳቸውም።

መጋቢት 2

የመጀመሪያው ፎቶ ወጣ። ፀሐይ ስትወጣ ነው ያነሳሁት፤ ሙቀጫው በር ላይ፣ ዘነዘናው እላዩ ላይ ዘንበል ብሎ፣ ከኋላ የፎቶ ቤቱ ነጭ ጨርቅ። ምንተስኖት ጨርቁን ሁለት እጁን ዘርግቶ ይዞልኝ ቆመ። ባሳለው ቁጥር ጨርቁ ይንቀጠቀጣል። ተቆጣሁት። ሳቀብኝ።

እና ገበያው! አንዲት ሴትዮ ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ እልል አለች። እልል! አንድ ሽማግሌ የምንተስኖትን ትከሻ ስመው «ተመስገን፣ ጾሙ ሳይጋመስ!» እያሉ ሄዱ። ኮሌጅ እያለን አስተማሪያችን «ጥሩ ሥዕል ሰውን ያንቀሳቅሳል» ሲሉ አላመንኳቸውም ነበር። አሁን አመንኩ። ትንሽ ኮራሁ። ትንሽ እንኳ አይደለም።

መጋቢት 6

ልጆቹ ጽፈው አመጡ። ጅብ የለም! ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፦ «ባልና ሚስቱ ታረቁ።» መጣላታቸውን ሳላሳይ እንዴት ታረቁ? ተኮራርጃችኋል ብዬ ጮህኩባቸው። አንዷ «ቲቸር፣ ሁሉም ሰው ያውቃል እኮ» አለችኝ። ምኑን? ስላት ጓደኛዋ በክርኗ ጎሸመቻት።

ጋሽ ፈንታን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰላም አሉኝ፣ ፊታቸው ሁሉ ጥርስ ሆኗል። ጥበብ የሚወዱ ሰው ናቸው።

ለሁለተኛው ፎቶ ችግር ያስፈልጋል። ሁሉም ሰላም የሆነበት ታሪክ ታሪክ አይደለም። ሙቀጫውን እገለብጠዋለሁ፤ ዘነዘናው ጥሎ ይወጣል፤ ወንፊቱ ከላይ ተሰቅሎ ያያል። እሱ ሐሜተኛው ነው፣ የገባለትን ሁሉ ያፈሳል። ምንተስኖት «ሲያሳዝኑ፣ ለምን ትለያያቸዋለሽ?» አለኝ። ዕቃ ናቸው እኮ አንተ ሰው!

መጋቢት 9

ምን ውስጥ ገባሁ ጃል።

ፎቶው ጠዋት ተለጠፈ። ሰው ተሰበሰበ፣ አየ። አንዷ «እግዚኦ» ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሌላው «በጾም! ምን ያለ ጭካኔ ነው!» አለ። እኔ ሞኟ ደግሞ ስሜታቸው ተነካ ብዬ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

እትዬ አልጣሽ በሩ ላይ ወገባቸውን ይዘው ጠበቁኝ።

«ወንፊቴን ሐሜተኛ አደረግሽው!»

«እትዬ፣ ወንፊት ነው እኮ…»

«የእኔ ወንፊት ነው! ጠርዙ ላይ ቀይ ክር ያለው ወንፊት የማን እንደሆነ የዚህ አገር ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ከጠዋት ጀምሮ ሰው እያየኝ ይስቃል። አልጣሽ ተሰቅላ የሰው ትዳር ታያለች ይሉኛል።»

«የምን ትዳር?»

እትዬ አልጣሽ አፈጠጡብኝ። ከዚያ ንዴታቸው ጠፋና በርጩማው ላይ ዝርግፍ አሉ። «ወይኔ ልጄ፣ ሳታውቂ ነው ያደረግሽው?»

እንዲህ ነው ነገሩ። እዚህ ድግስ ሲኖር ሰው ዕቃ ይዋዋሳል፤ ሲመለስ እንዳይደባለቅ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ምልክት አለው። አንዱ ክር ያስራል፣ አንዱ ቀለም ይቀባል፣ አንዱ ይተኩሳል። ሁለት ጭረት የጋሽ ፈንታ ቤት ምልክት ነው። የጠራቢ ጌጥ አይደለም! ፀሐይነሽ ደግሞ የጋሽ ፈንታ ሚስት ናት።

የካቲት ሚካኤል ማኅበሩ እነሱ ቤት ነበር። ጠላው ቀጠን ብሎ ነበር፣ እትዬ አልጣሽ ራሳቸው ይህን አልካዱም። ጋሽ ፈንታ ቀምሰው፣ ማኅበርተኛው ሁሉ ፊት «ይሄስ ፊት መታጠቢያ ነው» ብለው ዋንጫውን በአፉ ደፉት። ሰው ሳቀ። ፀሐይነሽ እንግዳው እስኪወጣ አስተናገደች፣ ዕቃውን አጠበች፣ ከዚያ ጌሾ የምትወቅጥበትን ሙቀጫ አዝላ ወንድሟ ቤት ገባች። «ከእንግዲህ ጌሾውን በጥርሱ ያኝከው» ብላ።

«ዘነዘናውንስ?»

«በንዴት ረሳችው። ተመልሳ እንዳትወስደው ክብሯ፣ እሱም እንዳይልክላት ክብሩ። ይኸው እስከዛሬ አለ።»

ለካ የመጀመሪያው ፎቶ ሲወጣ ሰው ሁሉ ታረቁ ብሎ ነው እልል ያለው። ለካ ጋሽ ፈንታ እሷ ያስነሳችው መስሏቸው፣ እሷም እሳቸው ያስነሱት መስሏት፣ ሁለቱም በየቤታቸው ደስ ብሏቸው ከርመዋል። ፀሐይነሽ ትናንት ጌሾ ገዝታ ነበር አሉ። ወደ ቤቷ ልትመለስ። ዛሬ ጠዋት ወደ ገበያ ስትወርድ ሙቀጫዋ ተገልብጦ፣ የባሏ ዘነዘና ጥሎ ሲወጣ አየች። ከዚያው ዞራ ተመለሰች። አቶ አስማማውም ቁርጡን ተናግረዋል፦ በጾም ንብረት አይከፈልም፣ በዳግማ ትንሣኤ ግን ሽማግሌ ተቀምጦ ይከፈላል፣ ያበቃል።

እንቅልፍ የለኝም። ስለ ጥበብ ስደሰኩር የሰው ቤት አፈረስኩ። አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ! አንድ!

መጋቢት 10

ፀሐይነሽ ዘንድ ሄድኩ። አልወጣችም። አቶ አስማማው ሙቀጫውን ለመውሰድ አብረውኝ መጡ። «የእህቴ ዕቃ የልጆች መጫወቻ አይደለም» አሉኝ። ልክ ናቸው። ራሴ አንስቼ ሰጠኋቸው።

መጋቢት 11

ፎቶውን እንዲያወርደው ምንተስኖትን ልለምነው ሮጬ ሄድኩ። አውርዶታል። የዚያኑ ቀን፣ የሰውን ፊት እንዳየ ነው ያወረደው። ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ብዬ ጮህኩበት። «ደስ ብሎሽ ነበር» አለኝ። ደግሞ ውሃ ቀድቶ ሰጠኝ። እኔ እየጮህኩ እሱ ውሃ! ጠጣሁት።

መጋቢት 13

ጋሽ ፈንታ መጡ። በሩ ላይ ቆመው ስለ ዝናብ አወሩ። ስለ በልግ አወሩ። ስለ ትምህርት ቤቱ አጥር አወሩ። ከዚያ ወደ ጥግ፣ ወደ ቆመው ዘነዘና እያዩ፦

«ያ ዘነዘና… በፎቶው ላይ ከቤት የሚወጣው፣ ወዴት እየሄደ ነው?»

«ጋሽ ፈንታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላወቅኩም ነበር…»

«ስለ ዕቃ ነው የማወራው ልጄ» አሉ ቶሎ። «ዕቃ ደጅ አያድርም። እንደኔ እንደኔ… ራቅ ብሎ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ንዴት አለ፣ ሰው ነው… ማለቴ ዕንጨት ነው። ግን ተመልሶ በሩ ላይ ቆሞ ቢታይ ምን ይለዋል?»

«በሩ የተዘጋ ነው የተከፈተ?»

አሰቡ። አንገታቸውን ሰበሩ። «የተዘጋ ነው» አሉ።

እንዴት አሳዘኑኝ! እትዬ አልጣሽ እንደነገሩኝ፣ ቄስ ጥላዬና ሽማግሎች ለማስታረቅ ሁለት ጊዜ ሄደው «ይቅርታ ጠይቅ» ሲሏቸው «እኔ ምን አጠፋሁ» ያሉ ሰው ናቸው።

መጋቢት 16

ሦስተኛው ፎቶ፦ የተዘጋ የማድ ቤት በር፣ ደጃፉ ላይ ዘነዘናው ለብቻው ቆሟል። ሌላ ምንም የለም።

ገበያተኛው እንደ ዳኛ አየው። «ደጅ እየጠና ነው» አለ አንዱ። «ፈንታ? ደጅ ሊጠና? ተወኝ እባክህ» አለ ሌላው። ሁለት ሴቶች በሩ የማን እንደሆነ ተከራከሩ፤ የእትዬ አልጣሽ ነው። እትዬ አልጣሽ ዛሬ ገበያ ሁለት ጊዜ ወርደዋል፣ የሚገዙት ሳይኖራቸው። ከወንፊት ወደ በር አደግሁ ይላሉ።

መጋቢት 20

ፀሐይነሽ መጣች! ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባ፣ ማንም እንዳያያት። ሠፈሩ በሙሉ አይቷታል።

ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር በእጇ አቆመችኝ። «ለፎቶው ነው የመጣሁት። ያ ዘነዘና ቀጥ ብሎ ነው የቆመው።»

«ዘነዘና ቀጥ ያለ ነው እኮ ፀሐይነሽ።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ የማውቀው። ዘጠኝ ዓመት ቀጥ እንዳለ ነው።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ደጅ የሚጠና ሰው ጎንበስ ይላል። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አንድ ዘዴ አታጪም።»

«ቢጎነብስ በሩ ይከፈታል?»

«እኔ በር ነኝ እንዴ?» ብላ ተነሳች። ስትወጣ ግን ጥርሷ ታየኝ።

ዕንጨት እንዴት ይጎነብሳል? ባስር? ብሰብረው? እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ የሰው ዘነዘና ልሰብር!

መጋቢት 22

መላው የምንተስኖት ነው። ራሴ ባስበው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን የእሱ ነው። «ዕንጨቱ እምቢ ካለ ጥላውን አጎንብሺው» አለኝ። ወደ ማታ፣ ፀሐይ ዝቅ ስትል፣ ዘነዘናውን ከፎቶ ቤቱ ደረጃ በታች አቆምነው። ጥላው መሬቱ ላይ ቀጥ ብሎ ሄደና ደረጃው ጋ ሲደርስ እጥፍ፣ ደግሞ እጥፍ አለ። ሰው አንገቱን ደፍቶ እንደቆመ።  ፀሐይዋ ልታመልጠን ስትል «አንሺው እንጂ!» አለኝ፣ አነሳሁት።

ከዚያ ለረጅም ጊዜ ደረጃው ላይ ተቀምጠን አወራን። ስለ እስቴ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ወረቀት ዋጋ። እዚህ የጻፍኩት የፀሐይዋን ብርሃን ለማስታወስ ነው።

መጋቢት 23

ገበያው ፎቶውን አይቶ አበደ። «ጥላው እንኳ አጎንብሷል!» ጋሽ ፈንታ ራሳቸው መጡ፣ ከሰው ኋላ ቆመው በሰው ትከሻ ላይ አዩ። አንዱ ዞሮ «ፈንታ፣ አጎነበስክ አይደል?» ሲላቸው «ማነው ያጎነበሰው! ፀሐይ ናት ያጠፈችኝ!» አሉ። ሁሉም ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ።

አቶ አስማማው ግን አልሳቁም። «በዳግማ ትንሣኤ ይከፈላል ብያለሁ፣ ይከፈላል። እህቴ የተዋረደችው በጥላ አይደለም» ብለው በገበያተኛው መሀል አለፉ።

መጋቢት 30

ቄስ ጥላዬ አስጠሩኝ። ነጠላዬን አስተካክዬ ሄድኩ። «አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «እኛ መስቀል ይዘን ሁለት ጊዜ ሄደን ያልሰማ ሰው፣ ያንቺን የዕንጨት ጥላ አይቶ ይሰማል?»

«ይቅርታ አባ። ከእንግዲህ አልለጥፍም። ዛሬም አልለጠፍኩም።»

«አይተናል። ሰው ሁሉ ባዶ ግድግዳ ሲያይ ዋለ።» ወደ በሩ ዞር ብለው አይተው «የሚቀጥለው መቼ ነው ታዲያ?» አሉኝ።

የለኝም። እውነቱን ለመናገር የሚቀጥለው ምን እንደሆነ አላውቅም። ዘነዘናውን የማቆምበት ቦታ ሁሉ አልቋል። ሙቀጫው የለም። እናቴ ደወለች፣ ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታ ሰምታ «ይሄ ምንተስኖት የሚባለው የማን ልጅ ነው?» አለች። እኔ ስለ ሙቀጫ ነው የማወራት!

ሚያዝያ 4

ጋሽ ፈንታ ምንተስኖት ፎቶ ቤት መጡ፣ እኔም እዚያ ነበርኩ (ለሥራ)። ከጋቢያቸው ሥር የቀንድ ዋንጫ አወጡ። ያቺ ዋንጫ ናት፣ የማኅበሩ ዕለት የደፏት። «እኔ ነኝ የማነሳው» አሉ።

ስልክ ይዘው አያውቁም። በግራ እጃቸው ዋንጫውን እንደለማኝ ወደፊት ዘረጉ፣ በቀኛቸው የምንተስኖትን ስልክ ያዙ። የመጀመሪያው ፎቶ የራሳቸው ጆሮ ሆነ። ሁለተኛው ጣሪያ። ምንተስኖት ሊረዳቸው እጁን ሲዘረጋ ክርኑን ያዝኩት። በመጨረሻ አንድ ወጣ፤ ዋንጫው ደብዝዟል፣ አውራ ጣታቸው ግማሹን ሸፍኖታል፣ ግን ባዶ መሆኑና ወደ ሰው መዘርጋቱ ይታያል። ቅጂልኝ የሚል።

«ይህን ለጥፉልኝ» አሉ። እስከዛሬ ካነሳኋቸው ሁሉ የሚበልጥ ነው። ይህን ስጽፍ ትንሽ ቅር እያለኝ ነው፣ ግን እውነት ነው።

ሚያዝያ 7

ተለጠፈ። ለፋሲካ ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ በግ እየጎተተ፣ ዶሮ አንጠልጥሎ ቆሞ አየው። ማንም አልቀለደም። ፀሐይነሽ መጣች፤ መንገድ ለቀቁላት። ቆማ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። ፊቷ ላይ ምን እንደነበር ሁሉም የየራሱን ይናገራል። እኔ ምንም አላነበብኩም።

ሚያዝያ 8

ፋሲካ። እትዬ አልጣሽ ቤት ገደፍኩ። ምንተስኖትም ተጠርቶ ነበር፤ ማን እንደጠራው አይታወቅም፤ እትዬ አልጣሽ «እኔ አይደለሁም» እያሉ ሥጋ ይጨምሩለታል። ከፀሐይነሽ ምንም የለም። ከአቶ አስማማው ግን መልእክት መጥቷል፦ ክፍፍሉ በሚመጣው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ።

ሚያዝያ 15

ሁሉንም ልጻፍ፤ አንድም እንዳይጠፋኝ።

አቶ አስማማው ግቢ፣ ወይራው ሥር። ቄስ ጥላዬና ሽማግሎቹ አግዳሚ ላይ፣ ማኅበርተኛው ዙሪያውን፣ እኔና ምንተስኖት አጥሩ አጠገብ። ጋሽ ፈንታ ብቻቸውን ድንጋይ ላይ፣ ፀሐይነሽ ከወንድሟ ጎን። መሀሉ ላይ ዕቃው ተደርድሯል፤ ጋኑ፣ ሰፌዱ፣ ምጣዱ፣ ሙቀጫው፣ ሁሉም ሁለት ጭረት ያለው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄን አልሰደድኩም። ያንን ማን ፎቶ ያነሳል?

አንዱ ሽማግሌ ቆጠሩ። «ሙቀጫ አንድ። ዘነዘናውስ?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ቤት ነዋ ያለው! እየሮጥኩ ሄጄ እያለከለክሁ ይዤው ስመለስ አንዱ «ጎንበስ ብሎ መጣ ወይ?» ብሎ አሳቃቸው። መሬት ላይ አስቀመጥኩት። የት እንደማስቀምጠው አላወቅኩም፤ ከሙቀጫው አጠገብ ባደርገው ደግሞ የሆነ ነገር ያልኩ ይመስላል። መሀል ላይ ጣልኩት።

«እንግዲህ» አሉ ቄስ ጥላዬ፣ «ክፍፍሉን ከመጀመራችን በፊት የሚናገር አለ?»

አቶ አስማማው «የለም» አሉ።

«አለ» አለች ፀሐይነሽ። ብድግ አለች። «አባ፣ ፎቶዎቹን ሁሉ አይቻቸዋለሁ። ደጅ መጥናቱን አየሁ። ጥላው ማጎንበሱን አየሁ። ዋንጫውንም አየሁ። ያምራሉ። መምህሯ እጇ ይባረክ።» ደስ ሊለኝ ሲጀምር ቀጠለች፦ «ግን እኔ ፎቶ አላገባሁም። ሰው አግብቻለሁ። ሰው ፊት ያዋረደኝ በአፉ ነው። ማኅበርተኛው ያው ተሰብስቧል። አፉም ከነሙሉ ጥርሱ ያው አለ።»

 ጋሽ ፈንታ ተነሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ ደግሞ አወለቁ። ወደ እኔ አዩ፣ አንድ ፎቶ እንዳበጅላቸው። እኔም መሬት መሬት አየሁ።

«ጠላው ጥሩ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«ውሸት!» አለች ፀሐይነሽ። «ቀጥኖ ነበር። እኔም አውቃለሁ። እሱን አይደለም የጠየቅኩህ።»

ሳቁ ሊያቆም አልቻለም፣ ሽማግሎቹ ሳይቀሩ። ጋሽ ፈንታ አልሳቁም። ላብ ከግንባራቸው ይወርዳል። ሳቁ እስኪበርድ ቆመው ጠበቁና፣ እንዲህ ባለ ድምፅ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም፦

«አዋረድኩሽ። አንቺ ሌሊቱን ስትለፊ አድረሽ፣ እኔ ሰው ለማሳቅ ብዬ አዋረድኩሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቤቱ ያላንቺ ቤት አልሆነኝም ፀሐይነሽ። ነይልኝ።»

ፀሐይነሽ ከንፈሯን ነከሰች። «ድገመው» አለች። «ወንድሜ አልሰማም።»

«ሰምቻለሁ!» አሉ አቶ አስማማው።

«አልሰማህም!»

ጋሽ ፈንታ ደገሙት፣ ጮክ ብለው፣ ከአጥሩ ውጭ የነበሩት ልጆች ሁሉ እስኪሰሙ። አቶ አስማማው እህታቸውን አዩ። ከዚያ ሄደው ሙቀጫውን በሁለት እጃቸው አንስተው ጋሽ ፈንታ ፊት ዱብ አደረጉት። «አዝላው ነው የመጣችው» አሉ። «አሁን አንተ እዘለው።»

አዘሉት! ጋሽ ፈንታ በጋቢያቸው ሙቀጫ አዝለው፣ ወገባቸው እስከ መሬት ጎብጦ፣ በወገዳ መንገድ ሄዱ። ፀሐይነሽ ዘነዘናውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከኋላ ከኋላ። ሴቶቹ እልል አሉ። እትዬ አልጣሽ እያለቀሱ እኔን በቡጢ ይመቱኛል። «አታነሺውም?» አለኝ ምንተስኖት። አላነሳም አልኩት። ቀስ ብሎ «ጎበዝ ነች» አለ። እሷን ነው? አልኩት። «አዎ። በአፍህ ተናገር አለችው» አለና፣ ወዲያው ፎቶ ቤቱን ክፍት ትቼ መጥቻለሁ ብሎ ሄደ።

ሚያዝያ 16

ዛሬ ከክፍል ስወጣ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሁለት የሻይ ብርጭቆ መስኮት ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ አንዱ ወደ ሌላው ጠጋ ያለ እንዲመስል ብርሃኑን አስተካክዬ አነሳሁና ለምንተስኖት ልልክለት ነበር። ከታች ምንም ሳልጽፍ። እሱ ይገባዋል ብዬ። ልልከው ስል ፀሐይነሽ ትናንት ሰው ሁሉ ፊት እንዴት እንደቆመች ትዝ አለኝና አፈርኩ፤ እኔ ለአንድ ሰው እንኳ ፈርቼ ከብርጭቆ ጀርባ እደበቃለሁ። አጠፋሁት።

ሄድኩ። አንድ ገበሬ መታወቂያ ፎቶ እየተነሱ ነበር፤ እስኪወጡ ደጅ ቆምኩ። ስገባ ምንተስኖት «ምን አመጣሽ?» አለኝ። ምንም አላመጣሁም አልኩት። ከዚያ ነገርኩት። ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም፣ የእሱ ነው።

«ድገሚው» አለኝ። «አልሰማሁም።»

ሰምቷል። ጆሮው ሁሉ ቀልቶ ነበር። ደገምኩለት።